ለፈረንጅ ጎረቤትም ለቅሶ ይደረሳል

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ግሪን ካርድም ስለ ታክስም አይደለም ምጽፈው፣ ስለ ለቅሶ ነው። ሰሞኑን ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሰራተኛ ጎረቤታችን አርፈው ቀበርናቸው፣ ከቀብር ስመለስ ታዲያ አንድ የሀገሬ ልጅ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከኔ እኩል የኖረ ሰው፣ "አንተ ደሞ ፈረንጅ ቀብር ምን ልታደርግ ሄድክ፣ እነሱ እኮ ሰው ሲመጣባቸው አይወዱም" አለኝ። ይቺን ነገር ከስንቱ ሰምቻታለሁ መሰላችሁ። ሃያ ሰላሳ አመት አሜሪካ ኖሮ አንድም ቀን የአሜሪካዊ ለቅሶ ደርሶ ማያውቅ ሞልቷል። እኛ ሱቅ ዘግተን ቀብር ምንወጣ ሰዎች፣ ለማናውቀው ሰው ድንኳን ስር ንፍሮ ስንቆረጥም ያደግን ሰዎች፣ ግድግዳ ተጋርቶን ሚኖር ሰው ሲሞት በመስኮት አየት አድርገን መጋረጃችንን እንዘጋለን። ሰው ሲመጣባቸው አይወዱም ሚባለው ውሸት ነው፣ ሳይነገራቸው ቤታቸው ዘው ሲባል ነው ማይወዱት፣ ለቅሶ መድረስ ግን የራሱ ሰአትና ቦታ አለው፣ እሱን ካወቃችሁ በቃ።

ስማቸውን አልጠቅስም፣ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። በኛ ረድፍ ያሉ ሐበሻ ልጆች "ጋሼ" ነበር ሚሏቸው፣ እኔም እንደዛው ልበላቸው። ጋሼ ባልቲሞር ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ትንሽ ባህር ሃይል ቆይተው፣ ከዛ እሳት አደጋ ገቡና ጡረታ እስኪወጡ ሌላ ስራ አላወቁም። ትልቅ ሹም አልነበሩም፣ ስንት ሰው አተረፉ ብላችሁ ብትጠይቋቸው "እኛ ነን እንጂ እኔ አይደለሁም" ብለው ወሬውን ወደ ምግብ ነው ሚያዞሩት። ስለ ምግብ ማውራት ግን አይደክማቸውም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ ስለ ስራቸው፣ እዚህ ሀገር የእሳት አደጋ ሰራተኛ ብዙ ቦታ 24 ሰአት ሙሉ ጣቢያ ይውላል ያድራል፣ ከዛ 48 ሰአት እረፍት ነው፣ ከዛ ደሞ እንደገና 24። ማለት ከሶስት ለሊት አንዱን ከቤቱ ውጪ ነው፣ ገና ይሁን ታንክስጊቪንግ ይሁን የልጁ ልደት ይሁን ተራው ከደረሰ ደረሰ። ሴት ልጃቸው በቀብሩ ላይ ስትናገር ምን አለች፣ እኛ ቤት ገና መቼ እንደሚውል ሚወስነው ካላንደሩ ሳይሆን የአባቴ ሺፍት ነበር፣ አንዳንዴ ዲሴምበር 23 አንዳንዴ 27 ነው ስጦታ ምንከፍተው፣ ትምህርት ቤት ሄጄ ሌሎቹ ልጆች በ25 እንደሚያከብሩ ስሰማ እነሱ ናቸው የተሳሳቱት ብዬ አስብ ነበር አለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ያቺን ነገር ይዤ ነው የወጣሁት፣ ምክንያቱም እኛ ኡበር፣ ፓርኪንግ፣ ነርሲንግ ሆም፣ ሆቴል፣ ሁለት ስራ ምንሰራ ሰዎች "በአሉ ስራ ቀን ላይ ዋለብኝ፣ ኦፍ አልሰጡኝም" እያልን ስንቱን ገና ስንቱን እንቁጣጣሽ ዘለነዋል። የኛ ገና እኮ ጃንዋሪ 7 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ማንም አያርፍበትም። ቤተክርስቲያኑ በቀኑ ይሁን፣ እሱን ማንም አይነካውም፣ ዶሮ ወጡን ግን ኦፍ ወደሆናችሁበት ቀን ጎትቱት፣ ልጆቹ ቅር አይላቸውም። ቅር ሚላቸው ጭራሽ ሲቀር ነው።

በዛ 48 ሰአት ውስጥ ደሞ ጋሼ ቤት ውስጥ ናቸው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሚያመጡት እሳቸው፣ ራት ሚሰሩት እሳቸው። ፋየርሃውስ በሚሉት ጣቢያቸው ውስጥ እኮ ሰራተኞቹ ገንዘብ አዋጥተው አብረው ገበያ ወጥተው በተራ ነው ሚያበስሉት፣ ምግቡ ካልጣመ ደግሞ አመቱን ሙሉ ይቀለድብሃል፣ ስለዚህ የእሳት አደጋ ሰው አብዛኛው ወጥ ይችላል። ጋሼ ቺሊ ሚባለውን የስጋና የአደንጓሬ ወጥ ሚሰሩበት ድስት የኛን የሰርግ ድስት ያክላል፣ ለአራት ሰው መስራት አያውቁበትም፣ ሰፈሩ ሁሉ ነበር ሚበላው። በጋ ላይ ክራብ በኦልድ ቤይ ቅመም ቀቅለው ጋዜጣ ላይ ዘርግተው ይጠሩናል፣ በጾም ሰአት ከሆነ ለኛ በቆሎ ለብቻ ይቀቅሉልናል፣ የፍልሰታን ቀን ከኔ በላይ ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ምስር ወጥ ስትልክላቸው ሳህኑ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፣ ይሄን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፣ ባልቲሞርም እንደዛ ነው መሰለኝ።

የተዋወቅነው በቡና ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ቡና ስትቆላ የጭስ አላርሙ፣ ስሞክ ዲቴክተሩ፣ ጮኸ፣ እጣኑ ሲጨመርበት ደሞ ባሰበት፣ ትንሽ ቆይቶ በር ተንኳኳ፣ ስከፍት ጋሼ ናቸው፣ በነጠላ ጫማ፣ እጃቸው ላይ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ይዘው። ነገሩን ስናሳያቸው ተቀምጠው እስከ በረካ ጠጡ። ግን ከመሄዳቸው በፊት በየክፍሉ ዞረው አላርሞቹን አንድ በአንድ ተጫኗቸው፣ ከዛ እኔ ደብቄ የያዝኩትን የሐበሻ ቤት ሚስጥር እሳቸው ነገሩኝ፣ "እዚህ ሰፈር ያሉ ቡና ሚያፈሉ ቤቶች ግማሾቹ ባትሪውን አውጥተውታል፣ አውቃለሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ስንት ቤት ሄጄ ኮርኒስ ላይ ባዶ ቀፎውን አይቻለሁ፣ ወይ በላስቲክ ታስሮ፣ ወይ ነቅለውት መሳቢያ ውስጥ።

ይሄን ጉዳይ ትንሽ ላስረዝመው ፍቀዱልኝ፣ ጋሼ ቢኖሩም ከምንም በላይ ይሄን እንድጽፍላቸው ነበር ሚፈልጉት። አሜሪካ ውስጥ በቤት ቃጠሎ ከሚሞቱ አምስት ሰዎች ሶስቱ ሚሞቱት ስሞክ ዲቴክተር በሌለበት ወይ በማይሰራበት ቤት ነው። ባትሪ ከማውጣት ይልቅ ሚደረገው ነገር ቀላል ነው፣ መሃሉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫኑ ለትንሽ ደቂቃ ዝም ሚሉ አይነቶች አሉ እነሱን ግዙ፣ መቁላቱን ምድጃ ላይ የጭስ መሳቢያውን ከፍታችሁ ወይ መስኮት ስር አድርጉት፣ እጣኑን ደሞ ከአላርሙ ራቅ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ ባትሪ ብቻውን ሚሰራው አይነት ባትሪው የታሸገና አስር አመት ሚቆይ መሆን አለበት ተብሎ በህግ ተደንግጓል፣ ባትሪ ማውጣት ራሱ አይቻልም። ጀርባው ላይ የተሰራበት ቀን ተጽፏል፣ አስር አመት ካለፈው ጣሉት፣ ቢጮህም አትመኑት። በየመኝታ ክፍሉ አንድ፣ ከመኝታ ቤቱ ውጪ ኮሪደሩ ላይ አንድ፣ በየፎቁ ቤዝመንቱን ጨምሮ አንድ፣ በወር አንዴ እየተጫናችሁ ፈትሹ። መግዣ የለኝም ማለት አይሰራም፣ ሬድ ክሮስ በነጻ መጥቶ ይገጥማል፣ የአካባቢያችሁ እሳት አደጋ ጣቢያም ብዙ ቦታ ያደርገዋል፣ ስትደውሉ ወረቀት አላችሁ ወይ ብሎ ሚጠይቃችሁ ሰው የለም። ማታ ስትተኙ የመኝታ ቤት በር ዝጉ፣ የተዘጋ በር ጭሱንም ሙቀቱንም ደቂቃዎች ያቆይላችኋል። ዘይት ከተቀጣጠለ ውሃ አይደፋበትም፣ ክዳን ነው ሚደፋበት፣ ከዛ ምድጃውን ማጥፋት። ከሰል ደሞ፣ እባካችሁ፣ አፓርታማ ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ ቡና አታፍሉ፣ እሳቱ ባይነሳ እንኳ ከሰሉ ሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ መስሎ ነው ሚወስድ። ሀገር ቤትም በብርድ ግዜ ከሰል አስገብተው ተኝተው የቀሩ ቤተሰቦች ወሬ ሰምተን እናውቃለን። የእሳት አደጋ ስልክ ደሞ እዚህ 911 ነው፣ አውሮፓ ያላችሁ 112፣ እንግሊዝ 999፣ እስራኤል 102፣ ኤምሬትስ 997፣ ሳኡዲ ሪያድ፣ መካና ምስራቁ ላይ 911 ሌላው ጋ 998፣ አዲስ አበባ ያሉት ቤተሰቦቻችሁ ደሞ 939 ን ያውቁታል ወይ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ አያውቁትም።

በ2024 ኦክቶበር ላይ፣ በኛ ጥቅምት መሆኑ ነው፣ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ጋሼ ዜናውን ከኔ ቀድመው አይተው በር ላይ ጠበቁኝ። የጠየቁኝ ጥያቄ ሌላ ሰው ሚጠይቀው አይነት አይደለም፣ መንገዱ ስንት ሜትር ነው፣ መኪናው ይገባል፣ ውሃ ከየት ነው ሚስቡት፣ ለሰራተኞቹ ማን ነው ምግብ ሚያቀርብላቸው። መርካቶን በጣቴ ግድግዳ ላይ እየሳልኩ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ከዛ ያቺን ሚወዷትን ታሪክ አመጧት፣ በ1904 ፌብሩዋሪ ባልቲሞር መሃል ከተማው ሲቃጠል ከዋሺንግተን ከፊላደልፊያ ከኒውዮርክ ሳይቀር በባቡር እሳት አጥፊ መጥቶ፣ የመጡት ግን ቱቦአቸው ከባልቲሞር የውሃ መስመር ጋር አልገጥም አላቸው፣ የየከተማው መግጠሚያ ልክ ለየብቻ ነበረና። ከ1,500 በላይ ህንጻ ወደመ። ከዛ በኋላ ነው ለመላው ሀገር አንድ ልክ ይውጣ የተባለው፣ እሱም ቢሆን ገና ሙሉ በሙሉ አልሆነም ይላሉ ጋሼ እየተናደዱ፣ መቶ ምናምን አመት ያለፈው ነገር ትላንት የሆነ ይመስል።

ወደ ህመማቸው ልምጣ። የፊኛ ካንሰር ነበር። የእሳት አደጋ ስራ ሰው ሚገድለው እሳቱ ውስጥ ብቻ አይደለም፣ ጭሱና ሚቃጠለው ፕላስቲክ ልብሳቸው ላይ ቆዳቸው ላይ ይቀራል፣ በ2022 የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእሳት ማጥፋት ስራን ራሱን ካንሰር ያመጣሉ ከተባሉት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፣ የፊኛው ካንሰር ደሞ በቂ ማስረጃ አለው ከተባሉት አንዱ ነው። ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች የእሳት አደጋ ሰራተኛ አንዳንድ አይነት ካንሰር ከያዘው ከስራው ነው የመጣው ብለው ሚነሱበት ህግ አላቸው፣ ከስራው አይደለም ካለ ማስረዳት ያለበት አሰሪው ነው። ስለዚህ በዚህ ስራ ያለ ዘመድ ካላችሁ ምን ግዜ የት እሳት እንደገባ መዝግቦ ይያዝ፣ ጋሼ ማስታወሻ ደብተር ነበራቸው፣ ቀን፣ አድራሻ፣ ምን እንደተቃጠለ፣ ለቤተሰቡ በኋላ ጠቅሟል።

ሲያርፉ ልጆቻቸው የህይወት ታሪካቸውን ጽፈው ቀብሩን ያሰናዳው ፊውነራል ሆም ድረገጽ ላይ አወጡት፣ ፊኛ ካንሰር እንደነበረ በግልጽ ተጽፏል። የኛን ታውቁታላችሁ፣ "ባደረባቸው ህመም በህክምና ሲረዱ ቆይተው" ተብሎ ይታለፋል፣ ልጆቹ እንኳ ምን እንደነበረ ሳያውቁ ያድጋሉ። እዚህ ሀገር ደሞ ሀኪም ቤት በገባችሁ ቁጥር ፎርሙ ላይ አባትህ በምን ሞተ፣ እናትህ ስኳር አላት፣ በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር አለ ይላል፣ እኛ ሁሉንም "አይ ዶንት ኖው" ብለን ነው ምናልፈው። ዶክተሩ ኮሎኖስኮፒውን፣ የአንጀት ምርመራውን፣ በ45 አመት ያድርግ ወይ ከዛ በፊት ሚለውን ሚወስነው በዛ መልስ ነው። ሀገር ቤት ላሉት ታላቆቻችሁ ደውሉና በስርአቱ ጠይቁ፣ ለወሬ እንዳልሆነ ለልጆቹ ጤና እንደሆነ ስትነግሯቸው ይናገራሉ።

ሌላም ነገር ነበረው ጽሁፉ። ስንት አመት እንዳገለገሉ አንድ መስመር፣ ሜዳልያ አንድ መስመር፣ ቀሪው እንዳለ ስለሰውዬው ነው። የባልቲሞሩ ቤዝቦል ቡድን ኦሪዮልስ ሲሸነፍ ሬድዮኑን ጋራዥ ውስጥ ቆልፈውበት እንደሚወጡ፣ ሚስታቸውን ያገኟት ድመት ከዛፍ ሊያወርዱ ሄደው እንደሆነና ድመቷ በራሷ እንደወረደች፣ የልጅ ልጃቸው ጨዋታ ላይ ዳኛውን እንዳይሳደቡ ሚስታቸው ማስቲካ እንደምትሰጣቸው። የኛ የህይወት ታሪክ ቤተክርስቲያን ሲነበብ ደሞ "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው በዚህ ክፍለ ሀገር በዚህ አውራጃ ተወልደው፣ እድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ" ብሎ ይጀምርና የመስሪያ ቤት ዝርዝር ሆኖ "የዚህን ያህል ልጆች አባት ነበሩ" ብሎ ያልቃል። መጀመሪያው ያስፈልጋል፣ ዘር ቆጠራው ያስፈልጋል፣ ለልጆቻችን አያት ቅድመ አያታቸውን ሚያገኙበት ብቸኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ግን ሰውዬው ራሱ የት ሄደ? ለቀብር ሶስት ሰአት ሲቀረው ከለቅሶ ቤቱ ጓሮ አንድ ጎልማሳ ቁጭ ተደርጎ "አንተ ጽህፈት ትችላለህ ጻፍልን" ሲባል ምን ያድርግ። አባታችሁ በህይወት ካለ ስልካችሁን ከፍታችሁ ቅዱት፣ ትልቅ ጥያቄ አትጠይቁ፣ "ህይወትህ እንዴት ነበር" ብትሉት "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው ሚላችሁ። የመጀመሪያ ደሞዝህን ምን ገዛህበት በሉት። ከእማዬ ጋር ስትጋቡ ሽማግሌ እነማን ተላኩ፣ ስንቴ ተመለሱ። በደርግ ግዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ምን ትል ነበር። የቱ ጓደኛህ ነው ያስቀየመህ። ከዛ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፣ ማታ ስድስት ሰአትም ቢሆን አይደክመውም።

እሺ አሁን ለቅሶው። እኛ ጠዋት የሞተውን ከሰአት ነው ምንቀብረው፣ እዚህ ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዛም በላይ ይቆያል፣ ልጆቹ ከሩቅ ስቴት እስኪመጡ፣ ስለዚህ የሰማችሁ ቀን ሮጣችሁ አትሂዱ። የሰማችሁ ቀን ቴክስት ወይ ካርድ በራቸው ስር። ካርዱ ላይ የታተመው ግጥም ስር ፈርማችሁ ብቻ አትላኩ፣ ስለ ሰውዬው ምታስታውሱትን አንድ ነገር ጻፉበት፣ እንግሊዝኛችሁ ቢሰበር ማንም አይስቅም። እኔ ያንን የእሳት ማጥፊያውንና ነጠላ ጫማውን ነበር የጻፍኩት፣ በኋላ ወንድ ልጃቸው ካርዱን ለሰው ሲያሳይ አየሁት። ከዛ ድረገጹ ላይ ቪዊንግ፣ የሬሳው ስንብት ማለት ነው፣ መቼ እንደሆነ ይጻፋል፣ አብዛኛውን ግዜ ከቀብሩ ዋዜማ ማታ ነው፣ ሬሳው ሳጥኑ ተከፍቶ ሊታይ ይችላል፣ ካልፈለጋችሁ አለመቅረብ ነውር አይደለም። መዝገብ ላይ ትፈርማላችሁ፣ ሰልፉን ይዛችሁ ቤተሰቡን ትጨብጣላችሁ፣ "አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ፣ ሂ ዋዝ አ ጉድ ኔበር" ካላችሁ በቃ፣ ንግግር አያስፈልግም፣ ሩብ ሰአት ግማሽ ሰአት ቆይታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ጥቁር ወይ ጠቆር ያለ ልብስ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀች እናት ብትኖር ደሞ እንዳዘቀዘቀች ትሂድ፣ የኛ ሰፈር አንዲት እናት እንደዛው ነው የሄዱት፣ የጋሼ ሚስት አቅፈው አለቀቋቸውም። አበባ ከመግዛታችሁ በፊት ጽሁፉን እስከ መጨረሻ አንብቡ፣ "በአበባ ፋንታ ለእገሌ ማህበር" ሚል ካለ ለዛ ስጡ፣ የጋሼ ለተቃጠሉ ሰዎች ማከሚያ ማእከል ነበር። እንደኛ ብር በፖስታ ማስጨበጥ አልተለመደም፣ ያስደነግጣቸዋል። እስራኤል ያላችሁ ሺቫውን፣ የአይሁዶችን ለቅሶ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሰባት ቀን በሩ ክፍት ነው፣ አረብ ሀገር ያላችሁም ሀዘን መድረሻው ሶስት ቀን መሆኑን ታውቃላችሁ፣ የአሜሪካው ነው ድብቅ ሚመስለው።

ቀብሩ ላይ ሁለት ነገር እንዳያስደነግጣችሁ። አንደኛ ይስቃሉ። ልጆቹ መድረክ ላይ ወጥተው ቀልድ ያወራሉ፣ ሰው በሳቅ ይፈርሳል፣ ከደቂቃ በኋላ እዛው ያለቅሳሉ። አልቃሽ ግጥም ስትደረድር፣ ጀግንነቱን ስታነሳ፣ እኛም ዘንድ ሟች ሚወራው በዜማ ነበር፣ እነሱ በቀልድ ነው። ሁለተኛው ደወሉ ነው። ሬድዮ ሳይኖር በፊት የእሳት ጥሪ ሚተላለፈው በቴሌግራፍ እየተመታ በደወል ነበር፣ አሁን ያቺን ደወል የእሳት አደጋ ሰው ሲሞት ያመጧታል፣ አምስት አምስት እየመቱ ሶስት ግዜ፣ አንዳንድ ጣቢያ ሶስት ሶስት ነው፣ የመጨረሻ ስራውን ጨርሶ ወደ ጣቢያ ተመለሰ ማለት ነው። ከዛ በአየርላንዶች ወግ ባግፓይፕ ሚባለው የከረጢት ዋሽንት ተነፋ። ለምን አየርላንድ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከመቶ ሰባ ምናምን አመት በፊት በረሃብ ተሰደው የመጡት አይሪሾች ሌላ ስራ ማንም አልሰጥም ሲላቸው ይሄን አደገኛውንና ክፍያው ትንሹን ስራ ያዙት፣ ለቅሷቸውንም ይዘውት ገቡ፣ ዛሬ አይሪሽ ላልሆነውም ይነፋል። ባህር ሃይል ስለነበሩ ደሞ ባንዲራው በሶስት ማእዘን ታጥፎ ለሚስታቸው ተሰጠ።

የኛ ልጆች "እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም" ሲሉ እሰማለሁ። እንዴ፣ የእሳት አደጋቸው ብዙ ቦታ የጀመረው እኮ በእድር ነው። በ1736 ፊላደልፊያ ላይ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከጎረቤቶቹ ጋር ያቋቋመው ማህበር፣ አባሉ የቆዳ ባልዲና እቃ ማውጫ ጆንያ ቤቱ ያስቀምጣል፣ ቤት ሲቃጠል ሁሉም ይዞ ይሮጣል፣ በወር አንዴ ይሰበሰባሉ፣ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል፣ በቅጣቱ ብር መሰላል ይገዛል። የእድር ዳኛ ብቻ ነው የጎደላቸው። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ካሉት እሳት አጥፊዎች ከግማሽ በላይ ደሞዝ ማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከቀብር በኋላ ፋየርሃውሱ ውስጥ ምግብ ነበር፣ መኪናዎቹን አውጥተው ጠረጴዛ ደርድረው። "ኑ" ከተባለ ከልባቸው ነው፣ ሂዱ። ምግብ ይዛችሁ ምትሄዱ ከሆነ ማይመለስ የፎይል ትሪ ላይ አድርጉት፣ ውስጡ ያለውን ክዳኑ ላይ ጻፉ፣ ለውዝ ሰሊጥ ቅቤ ሚያማቸው ስላሉ፣ በርበሬውን ቀነስ። ድፎ ዳቦ ግን ይዛችሁ ሂዱ ዝም ብላችሁ፣ ያቺ እናት ይዘው የመጡት ድፎ ሳይቆረስ በእጅ እየተቦጨቀ ነው ያለቀው፣ አንዱ ትልቅ ካፒቴን አሰራሩን ሊጽፍ ናፕኪን ይዞ ሲከተላቸው ነበር።

አሁን ዋናው ምላችሁ ነገር። የነሱ ለቅሶ በዛ ቀን ያልቃል። እኛ ሰልስት አለን፣ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ ሙት አመት አለን፣ ሰው እንዳይረሳ አስልቶ ሚያስገባብን ቀን አለን። እነሱ ጋር ልጆቹ በማግስቱ ኤርፖርት ናቸው፣ አበባው ይደርቃል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚስት ብቻዋን ናት። እኛ በአርባው ሄድን። መጀመሪያ ቴክስት አድርገን ማለት ነው። ቡናውን ይዘን፣ እነ ባለቤቴ ጀበናውን ሳይቀር ተሸክመው፣ አርባ ማለት ምን እንደሆነ ለሚስታቸው ሲነገራቸው "ማንም አልመጣም ነበር እኮ" አሉ፣ ቀኑ እስኪመሽ ጋሼን ሲያወሩ ዋሉ፣ አላርሙ ጮኸ፣ ወንበር ላይ ወጥተው ቁልፏን ራሳቸው ተጫኑት። እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ ካላንደራችሁ ላይ አርባውን ጻፉት፣ ለሐበሻ ብቻ ነው ያለው ማነው። በሰማንያው ደሞ ወረቀት ይበዛባቸዋል፣ ጡረታው ወደ ሚስት ሚዞርበት፣ ሶሻል ሴኩሪቲው፣ የመኪናው ስም፣ የባንኩ፣ የሞት ሰርተፊኬቱ ደሞ ኦርጅናል ብዙ ኮፒ ይፈለጋል፣ እንግሊዝኛ ሚችል ልጅ ስላላችሁ ሳይሆን መኪና ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ ማለት ስለምትችሉ ትጠቅማላችሁ።

የመጨረሻ ወሬ ልጨምር። በኛ ረድፍ ካሉት ልጆች አንዷ፣ አስራ ሰባት አመቷ ነው፣ ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ስትርመጠመጥ ያደገች፣ ከቀብሩ በኋላ የበጎ ፈቃደኞቹ ጣቢያ ሄዳ ፎርም ሞልታ መጣች። ከ16 አመት ጀምሮ ሚቀበሉ ጣቢያዎች አሉ በወላጅ ፊርማ፣ ስልጠናው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስር ባለው የእሳትና ነፍስ አድን ኢንስቲትዩት ነው፣ ለአባል በነጻ። እናቷ "ሴት ልጅ እሳት ውስጥ! ፋርማሲስት ትሆናለች ብዬ" ብላ ተኝታ ታለቅሳለች። እኔ ምላት ይሄን ነው፣ መጀመሪያ ሚያስተምሯት የድንገተኛ ህክምና ነው፣ አምቡላንስ ላይ፣ ያንን ወረቀት ሌላው ሰው ከፍሎ ነው ሚማረው፣ ነርሲንግም ፋርማሲም ስታመለክት ይጠቅማታል፣ ደሞ 911 ደውለው አማርኛ ብቻ ለሚናገሩ እናቶቻችን አማርኛ ሚችል ሰው ከአምቡላንስ ሲወርድ አስቢው። እናትየዋ አልፈረመችም እስካሁን። ቅዳሜ ጠዋት ጣቢያው ለገቢ ማሰባሰቢያ የፓንኬክ ቁርስ አለው፣ ሁላችንም እየሄድን ነው፣ እሷንም እኔ መኪና ውስጥ ነው ምትገባው።